ከካያክ ላይ የወፍ ፎቶ ማንሳት፦ ሃያ ሜትር ቀረብ ነው ወይስ ድፍረት?

ባለካያኩ | ሜሪላንድ | እሑድ ማታ

ሰላም ቤተሰብ። እዚህ መድረክ ላይ ሦስት ዓመት ሙሉ አንብቤያለሁ፤ ስጽፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ባለፈው መከር ያገለገለ ካያክ፣ ያቺን በመቅዘፊያ የምትሄድ ጠባብ ጀልባ፣ ገዛሁ። ሦስት ሜትር ከምናምን ነው፣ ውስጡ ሳይሆን ላዩ ላይ የሚቀመጡበት ዓይነት፣ ቀለሙ ብርቱካን። ባለቤቴ «ዋና የማይችል ሰው ጀልባ ገዛ» ብላ እስከ ደሴ ደውላ አወራችብኝ። ዋና እችላለሁ። ትንሽ።

ሐሳቤ ዓሣ ማጥመድ አይደለም፣ ወፍ ማንሳት ነው። ከዳር ቆሜ ሳነሳ ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች ስለሚሆን ወፏ ውሃ ላይ የተለጠፈች ትመስላለች። ካያክ ላይ ግን ቂጤ ውሃው ላይ ነው ማለት ይቻላል። ሌንሱ ከወፏ ዓይን ጋር እኩል ይወርዳል፣ ከኋላዋ ያለው ሁሉ ይደበዝዛል። የመጀመሪያዋን ዳክዬ እንደዚያ ሳነሳ ብቻዬን ጮኬያለሁ።

ቅዳሜ ማሎውስ ቤይ ሄድኩ። ለማታውቁት፣ ፖቶማክ ወንዝ ላይ ከዲሲ ወደ ደቡብ ሜሪላንድ በኩል ያለ ቦታ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ በጥድፊያ ያሠራቻቸው የእንጨት መርከቦች ጦርነቱ ሲያልቅ ሥራ ፈቱ። ለብረታቸው ሲባል እዚያ ተጎተቱ፣ ተቃጠሉ፣ ቅሪታቸው እዚያው ቀረ። ከመቶ በላይ ናቸው። አንዳንዶቹ ውስጥ አፈር ሞልቶ ዛፍ በቅሎባቸዋል፤ ውሃ ላይ የተቀመጠ የአበባ ማሰሮ ነው የሚመስሉት። በፈረንጆቹ ከ2019 ጀምሮ በፌዴራል ደረጃ የሚጠበቅ ቦታ ሆኗል። ኦስፕሬዎቹ ጎጇቸውን የሚሠሩት እዚህ ቅሪት ላይ ነው። ኦስፕሬ ያ ዓሣ እየጠለፈ የሚኖረው አሞራ ነው፤ ሆዱ ነጭ፣ ዓይኑ ላይ እንደ ኩል የተሳበ ጥቁር መስመር ያለው።

አንዷን ጎጆዋ ላይ አገኘኋት። ቀስ እያልኩ ሃያ ሜትር ድረስ ገባሁ። ክንፏን ከፈት አድርጋ፣ አፏን ከፍታ፣ በቀጥታ እኔን ታያለች። ሦስት መቶ ጊዜ ተኮስኩ። አንዱን ከታች አያይዣለሁ። በሕይወቴ ያነሳሁት ምርጥ ፎቶ ነው።

ችግሬ ይሄ ነው። ከሦስት መቶው ጥርት ያለው አሥራ አንድ ብቻ ነው። አድማሱ ሁሌ ወደ ግራ ያዘመመ ነው። ካሜራውን ባነሳሁ ቁጥር ደግሞ ካያኩ ዞሮ ጀርባዬን ለወፏ ይሰጣል። ልምድ ያላችሁ እስቲ አንድ በሉኝ።


ትዕግሥት ዲኤምቪ | ቨርጂኒያ | እሑድ ማታ

እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ! ፎቶው እሳት ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ካሜራህን በምን ይዘህ ነው የምትሄደው? እኔ አምና በአንገቴ አንጠልጥዬ ስቀዝፍ የመቅዘፊያው ጫፍ ማንገቻው ውስጥ ገባ። ሳልነቃ ሳብ አደረግኩት። ማንገቻው ተፈታ፣ ካሜራው ጭኔ ላይ፣ ከጭኔ ውሃ ውስጥ። ውሃው ከጉልበት አይበልጥም ነበር። ታች ጭቃው ላይ ቁጭ ብሎ እያየሁት ቀይ መብራቱ ብልጭ ብልጭ ይላል። ቆሜ ልወርድ ስል እኔም ተከተልኩት።

ሰው ሁሉ «ሩዝ ውስጥ ቅበሪው» አለኝ። ቤት ሩዝ አልነበረም። ጤፍ ነበር። ከዚህ በላይ አልናገርም።


ጋሽ ሻተር | አዲስ አበባ | ሰኞ ጠዋት

ልጄ፣ ካያክ ላይ ተቀምጬ አላውቅም። ዝዋይና ሐዋሳ ላይ በእንጨት ጀልባ ግን ብዙ ዓመት ተንከራትቻለሁ፣ ውሃው ያው ውሃ ነው።

መደብዘዙ የሚመጣው ከወፏ አይደለም፣ ከአንተ ነው። ጀልባው ይወዛወዛል፣ አንተ ትተነፍሳለህ፣ ረዥም ሌንስ ደግሞ ሁሉንም ያጎላል። የተቀመጠች ወፍ ስለሆነች ብለህ ሻተሩን (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) 1/250 ሰከንድ ላይ ትተኸው ከሆነ አሥራ አንድ ማግኘትህም ተዓምር ነው። ጀልባ ላይ ሆነህ ለተቀመጠች ወፍ ከ1/1000 አትውረድ። ለምትበር 1/2000። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) አውቶ ላይ አድርገውና እርሳው። ፎቶው ትንሽ አሸዋ አሸዋ ቢል ኮምፒውተር ላይ ይታጠባል። የደበዘዘውን ግን ማንም አያድነውም።

ትራይፖድ (ባለሦስት እግር ማቆሚያ) የሚል ካለ አትስማው። የሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ትራይፖድ ማቆም ንቅናቄውን ወደ ካሜራው መላክ ነው። ጉልበትህን አጠፍ አድርግ፣ ክርንህን ጉልበትህ ላይ አሳርፍ፣ ትንፋሽህን አውጥተህ ስትጨርስ ተጫን። ሦስት አራት ፍሬ ብቻ፣ ከዚያ ቆም በል። ሦስት መቶ መተኮስ ማሽላ ላይ የወረደ ግሪሳ ማባረር እንጂ ፎቶ ማንሳት አይባልም።

አድማሱ የሚያዘመው ካሜራውን ስታነሳ ሰውነትህ ወደ አንድ ጎን ስለሚጋደል ነው። ማያው ውስጥ የመስመር መረብ የማብራት ምርጫ አለ፣ አብራው። ክፈፉንም አታጥብቀው። ዙሪያውን ቦታ ከተውክ ቤት ገብተህ ስታቃናው ክንፏን አትቆርጠውም።

ሌላም አለ። የኦስፕሬ ደረት ነጭ ነው፣ የመርከቡ እንጨት ጥቁር። ካሜራው ጥቁሩን አይቶ ያበራል፣ ደረቷ ይቃጠልና ላባው ሁሉ ይጠፋል። ፎቶህ ላይ አየሁት። ብርሃኑን ወደ ታች ሁለት ሦስተኛ ስቶፕ (የብርሃን መለኪያ ነው) ቀንስ።

ስለ ሌንስ ማንም እንዳያታልልህ። 600 ሚሊ ሜትር ያለው ከዳር የሚያነሳ ሰው ነው። ጀልባ ላይ ሁለት ኪሎ በእጅ ይዞ መቆየት ክንድ ይገድላል። 100-400 በቂህ ነው።


የደንገል ልጅ | ባሕር ዳር | ሰኞ ከሰዓት

ባለካያኩ ወንድሜ፣ ስለ መዞሩ እኔ ልንገርህ።

እኔ የማነሳው ከታንኳ ላይ ነው። የደንገል ታንኳ፣ ያው ጣና ላይ የምታውቁት። ካያክ የለኝም፣ ቢኖረኝም የት አስቀምጠዋለሁ። ታንኳ ውሃ ይጠጣል፣ ሲከርም ይከብዳል፣ በየጊዜው ዳር አውጥተህ ካላደረቅከው ይሰምጣል። ግን ያ ክብደቱ ለፎቶ በረከት ነው፤ ነፋስ ቶሎ አያዞረውም። ያንተ ካያክ ቀላል ፕላስቲክ ነው። መቅዘፍ ስታቆም ነፋሱ ይረከብሃል።

ስለዚህ ከነፋሱ ጋር አትጣላ፣ ቅጠረው። ወፏ ያለችበትን እይ። ነፋሱ ወደ እሷ በሚነፍስበት በኩል ከሩቅ ተቀመጥ፣ አፍንጫውን አስተካክል፣ መቅዘፊያውን ጭንህ ላይ አሳርፍ። በቃ። ካያኩ ራሱ ያደርስሃል። ሲዞርብህ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ትንሽ ንካ፣ ይመለሳል። ካሜራውን መጨረሻ ላይ ሳይሆን ገና ሩቅ እያለህ ዓይንህ ላይ አድርገው። ወፍ የምትደነግጠው ከቅርበቱ ይልቅ ከድንገተኛው እጅ ነው።

በቀጥታም አትሂድባት። በቀጥታ የሚመጣባት ሊበላት የሚመጣ ብቻ ነው። ላም ስትግጥ አይተህ የለ፣ እዚህ ትቀምሳለች፣ እዚያ ትቀምሳለች፣ ሳታውቀው አጠገብህ ናት። እንደዚያ። ዓይንህንም ከእሷ ላይ አንሳ።

አንድ ቀን ጃካና ሳነሳ የሆነውን ላጫውታችሁ። ጃካና ያቺ ጣቶቿ እጅግ የሚረዝሙ፣ ቅጠል ላይ የምትራመድ ቡናማ ወፍ ናት፤ ግንባሯ ላይ ሰማያዊ ሰሌዳ ያላት። ለአንድ ሰዓት ተከተልኳት፣ አንድ ሰዓት ሸሸችኝ። ሰለቸኝና ደንገሉ ጥግ ቆሜ ዳቦዬን አወጣሁ። እሷ ቅጠል ቅጠሉን እየረገጠች መጣች። አንዱን ቅጠል በጣቷ ገልብጣ ከሥሩ የሆነች ነፍሳት ለቀመች። ቅጠሉ ከክብደቷ የተነሳ ቀስ እያለ ይሰምጣል፣ ውሃው ቁርጭምጭሚቷ ሲደርስ ወደሚቀጥለው ትሻገራለች። ታንኳዬ ጫፍ ላይ ልትወጣ ምንም አልቀራትም። ካሜራው ከረጢት ውስጥ ነበር። እጄ ላይ ዳቦ።

ጣና ለመምጣት የምታስቡ ካላችሁ ደግሞ ሁለት ነገር። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ። ሌሊት ግጦ ማለዳ ወደ ውሃው ይመለሳል፤ ያ ሰዓት ደግሞ ለፎቶ ምርጡ ብርሃን ነው። በጉማሬና በጥልቁ ውሃ መካከል አትግቡ። ያገሩን ሰው ሳትይዙ በካያክ መሄድ ጀግንነት አይደለም። ሁለተኛው ቢልሃርዝያ ነው፤ ዳር ዳሩ ላይ እግር እየነከሩ መቆየት ዋጋ ያስከፍላል። እምቦጭ ያለበት ቦታ መቅዘፊያ ስለሚይዝም ከሩቁ ዙሩ።


የአሞራ ገደል | ሐዋሳ | ሰኞ ማታ

ምን ካያክ አስፈለገ? ሐዋሳ ኑ። ዓሣ ገበያው ላይ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቁ ወፍ ራሱ መጥቶ ጫማህ ላይ ይቆምልሃል። 24 ሚሊ ሜትር ሌንስ በቂ ነው 😄


ሰላም ስቶክሆልም | ስዊድን | ሰኞ ማታ

ደስታህን ማበላሸት አልፈልግም፣ ግን ሁሉም ዝም ስላለ እኔ ልናገር።

የለጠፍከውን ፎቶ አየሁት። ኦስፕሬዋ ክንፏን የከፈተችው፣ አፏን የከፈተችው ላንተ ፖዝ ልትሰጥ አይደለም። እየጮኸችብህ ነው። «ውጣልኝ» እያለች ነው። ሦስት መቶ ፎቶ እስክታነሳ ድረስ ስንት ደቂቃ ቆየህ? አሁን እኮ እንቁላል የሚታቀፉበት ጊዜ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት እንቁላል ትጥላለች፣ ከአምስት ሳምንት በላይ ትታቀፋለች። ፎቶህ ላይ ግን ቆማለች። ቆማለች ማለት እንቁላሉ ተገልጧል ማለት ነው።

እዚህ ስቶክሆልም ደሴቶቹ መካከል ካያክ የሌለው ሰው የለም ማለት ይቻላል። ማንም በፈለገበት ተፈጥሮ ውስጥ የመንቀሳቀስ መብት አለው፣ ሕጉ የታወቀ ነው። ግን ያ መብት ወፍ ማወክን አይጨምርም። አንዳንድ ደሴት ላይ በመራቢያ ወቅት መቅረብ የተከለከለ ነው፣ ሰሌዳ ተተክሏል። ለምን እንደሆነ የገባኝ በራሴ ጥፋት ነው። አንዲት ኤይደር ዳክዬ ከጎጆዋ አስነሳሁ። ሆን ብዬ አይደለም፣ ለምሳ ልወርድ ብዬ ነው። እሷ ተነስታ ውሃ ላይ አረፈች። እኔ ካያኬን እስክመልስ ነጭና ግራጫ የባሕር ወፍ ከላይ ወረደች፣ አንድ እንቁላል ይዛ ተነሳች። ከዚያ ሁለተኛዋ መጣች። ሁሉም ነገር ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ካሜራው እጄ ላይ ነበር፣ አላነሳሁትም።


ባለካያኩ | ሜሪላንድ | ማክሰኞ

እሺ፣ ሰምቻለሁ። ግን ትንሽ አልተጋነነም? ሞተር የለኝም፣ አልጮህኩም፣ ድንጋይ አልወረወርኩም። በዚያው ቀን ስንት የሞተር ጀልባ ሙዚቃ እየነፋ በአጠገቧ አለፈ፤ ጭንቅላቷን እንኳ አላዞረችም። እኔ ዝም ብዬ ተቀምጬ ነው ያጠፋሁት?


የደንገል ልጅ | ባሕር ዳር | ማክሰኞ

ወንድሜ፣ አትቆጣ። መልሱ አንተው የጻፍከው ውስጥ አለ። የሞተሩ ጀልባ አለፈ። አንተ አላለፍክም።

የእኛ ዓሣ አጥማጆች መረብ ይዘው ከወፎቹ ሥር ሲውሉ ወፎቹ ምንም አይሉም። ቱሪስት የጫነች ጀልባ መጥታ ስትቆም፣ ሰው ሁሉ ወደ አንድ ጎን ዞሮ ሲያፈጥ ግን ብድግ ይላሉ። ወፍ ጀልባ አትፈራም፣ ያፈጠጠባትን ነው የምትፈራው። ካያክ ድምፅ የለውም ያልከውም በእሷ ዘንድ ምስጋና አያሰጥህም። ድምፅ የሌለው የሚመጣው አዳኝ ነው።

የምትጨነቅ ወፍ ምልክት አላት። መብላት ታቆማለች። አንገቷን ታስረዝማለች። አንዴ አንተን፣ አንዴ ሰማዩን ታያለች። ልትነሳ ስትል ኩሷን ትጥላለች፣ ሸክም ማቅለሏ ነው። የመጀመሪያውን ስታይ ካቆምክ ትቀመጣለች። ሁለተኛውን ከጠበቅክ ዘግይተሃል።


ትዕግሥት ዲኤምቪ | ቨርጂኒያ | ማክሰኞ ማታ

እኔም ፎቶው እሳት ነው ብዬ አጨብጭቤያለሁ፣ አብሬ ልወቀስ።

ሕጉን በተመለከተ፣ ለዲኤምቪ (ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ) ልጆች። የራሰ በራው ንስር ጎጆ የሚታያችሁ ከሆነ በመራቢያ ጊዜ በካያክም ቢሆን 330 ጫማ፣ መቶ ሜትር ገደማ፣ ራቁ ይላል የፌዴራሉ መመሪያ። ንስሩን የሚመለከተው ሕግ በፈረንጆቹ የ1940 ነው፤ ማወክ ራሱ ወንጀል ነው። ኦስፕሬ በዚያ ሕግ ውስጥ የለችም። እሷን የሚጠብቃት የ1918ቱ የስደተኛ ወፎች ሕግ ነው። ለእሷ ሜትር ቆጥሮ ያስቀመጠ ነገር ስላላገኘሁ እኔ የንስሩን መቶ ሜትር ለእሷም እጠቀማለሁ።

ያገሬው ሽማግሌዎች ሲያወሩ ብትሰሙ፣ በእነሱ ልጅነት ቼሳፒክ አካባቢ ኦስፕሬ ብርቅ ነበረች። ዲዲቲ የሚባለው መርዝ የእንቁላሏን ቅርፊት እያሳሳው፣ ስትቀመጥበት ይሰበር ነበር። በ1972 ታገደ። ዛሬ በየምሰሶው የምናያት ለዚያ ነው።


ጋሽ ሻተር | አዲስ አበባ | ረቡዕ

የስቶክሆልሟ ልጅ ልክ ናት። እኔም ጥፋተኛ ነኝ፣ ስለ ሻተር ሳወራ ፎቶው ምን እንደሚል አላየሁም።

አንድ ጊዜ ኬንያ ናይቫሻ ሄጄ ባለጀልባው አፉን አሹሎ ያፏጫል፣ የሞተ ዓሣ ይወረውራል፣ ዓሣ በሏ ንስር ከዛፍ ወርዳ በፊታችን ትጠልፋለች። ጀልባው ላይ ያለነው ስድስት ሰዎች አንድ ዓይነት ፎቶ አነሳን። ቤቴ ገብቼ ሳየው ከስድስቱ የትኛው የእኔ እንደሆነ ብትጠይቁኝ አላውቀውም። አጥፍቼዋለሁ።


ፊውዝ | አዲስ አበባ | ረቡዕ

የትዕግሥትን ጤፍ ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የካሜራ ጥገና ነው ሥራዬ።

እህቴ፣ ሩዝም ጤፍም እርጥበት አይመጥም፤ ቢመጥም እዚህ ግባ አይባልም። ጤፍ ደግሞ የሌንሱ ቀለበት ሥር፣ የሻተሩ መጋረጃ ውስጥ፣ የማስታወሻ ካርዱ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። አንድ ደንበኛ ያመጣልኝ ካሜራ ሲከፈት አገር ቤት የተዘራ ማሳ ነበር የሚመስለው።

ውሃ የገባ ካሜራ ስታወጡ ይሠራ እንደሆነ ለማየት አታብሩት። የሚገድለው ውሃው ሳይሆን ውሃው እያለ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ነው። ባትሪውን ወዲያው አውጡ፣ ካርዱን አውጡ፣ ሌንሱን ፍቱ፣ ክዳኑን ሁሉ ክፈቱ። ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ በፀጉር ማድረቂያ አታግሉት። ነፋስ ባለበት ጥላ ውስጥ ለቀናት ተዉት፣ ጫማ ሳጥን ውስጥ የሚመጡትን የሲሊካ ከረጢቶች ከጎኑ አድርጉ። ውሃው ጨዋማ ከነበረ ግን መጠበቅ አይበጅም፣ ጨው ብረቱን መብላት የሚጀምረው በዚያው ቀን ነው፤ ወዲያው ወደ ጠጋኝ።

ከሁሉ የሚሻለው ግን አፉ ተጠቅልሎ የሚዘጋ ውሃ የማያስገባ ከረጢት ነው። እየቀዘፋችሁ ካሜራው በእሱ ውስጥ፣ ከረጢቱ በሁለት እግራችሁ መካከል፣ ገመዱ ካያኩ ላይ ይታሰር። መቅዘፊያውንም በገመድ እሰሩት። ሁለት እጅ ካሜራ ላይ ሲሆን መቅዘፊያ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ያለሱ ደግሞ ወደ ቤት መግቢያ የለም።


ትዕግሥት ዲኤምቪ | ቨርጂኒያ | ረቡዕ

«የተዘራ ማሳ» 😂😂 እኔ አይደለሁም በሉ። ደንበኛው እኔ አይደለሁም።


ሰላም ስቶክሆልም | ስዊድን | ሐሙስ

ባለካያኩ ዝም አለ፣ እንዳላስቀየምኩት። አንድ ነገር ግን ሳልነግረው ብቀር ይቆጨኛል፤ «ዋና እችላለሁ፣ ትንሽ» ያልከው።

በፀደይ ወራት ዓየሩ ሞቆ ቲሸርት ያስለብሳል፣ ውሃው ግን ገና ክረምት ነው። ለዓየሩ ሳይሆን ለውሃው ልበስ። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ድንገት የወደቀ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ሳይፈልግ በኃይል አየር መሳብ ነው። ያኔ አፉ ውሃ ውስጥ ከሆነ ዋናተኛም ቢሆን አለቀ። እዚህ የሚያስተምሩን 1፣ 10፣ 1 የሚል ነው። በጣም በሚቀዘቅዝ ውሃ ውስጥ ትንፋሽህን ለመቆጣጠር አንድ ደቂቃ አለህ፤ እጅህ የሚታዘዝልህ አሥር ደቂቃ ያህል ነው፤ ራስህን ለመሳት አንድ ሰዓት ገደማ። ላይፍ ጃኬቱ የሚያስፈልገው ለዚያች ለመጀመሪያዋ ደቂቃ ነው። ከኋላህ አስረኸው ከሆነ የለህም። ልበሰው። ሌንስህ ትከሻ ላይ ይደናቀፋል የሚል ሰበብ ሰምቻለሁ፤ አጠር ያለ፣ ለቀዛፊ የተሠራ አለ።


ባለካያኩ | ሜሪላንድ | ከሦስት ሳምንት በኋላ

አልተቀየምኩም። ለሁለት ቀን ትንሽ ተቀይሜ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። ከዚያ ሦስት መቶዎቹን ፎቶዎች እንደገና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተራ አየኋቸው። የመጀመሪያው ላይ ተቀምጣለች፣ ጭንቅላቷ ብቻ ነው የሚታየው። አሥረኛው ላይ አንገቷን አውጥታለች። አርባ ላይ ቆማለች። ሰዓቱ ፎቶው ላይ አለ፤ ከቆመችበት እስከ መጨረሻው ፎቶ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ። «ምርጥ» ያልኩት አሥራ አራተኛው ደቂቃ ላይ ነው። ከላይ የለጠፍኩትን አንስቼዋለሁ።

ቅዳሜ ተመለስኩ። በሀበሻ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ውሃው ላይ ነበርኩ። መስታወት ነው፣ ምንም ነፋስ የለም። ላይፍ ጃኬት ለብሻለሁ፣ ባለቤቴ ፎቶ ላክልኝ ብላ አስላከችኝ። ከጎጆዋ መቶ ሜትር ያህል፣ ምናልባትም የበለጠ፣ አንዱ ቅሪት ጥላ ውስጥ ገባሁና ትንሿን መልሕቅ ጣልኩ። ውሃው እየጎደለ ነበር። ተጠንቀቁ፣ እዚያ ውሃ ሲጎድል የመርከቡ የዛጉ ብረቶች ቀጥ ብለው ይወጣሉ፣ እንደ ጣት የወፈሩ። አንዱ የካያኬን ሆድ ከአፍንጫ እስከ መሐል ጫረው። በአየር የሚነፋ ካያክ ቢሆን እየዋኘሁ ነበር የምመለሰው። ትንሽ።

ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። አንድ ትልቅ ሰማያዊ ሄሮን ከእኔ አሥር ሜትር ላይ መጥቶ ቆመ። እናቴ እግሩ የረዘመውን ሁሉ ሽመላ ነው የምትለው፣ ስለዚህ ሽመላ በሉት። እኔ አልሄድኩበትም፣ እሱ ነው የመጣው። አንድ እግሩን አንስቶ የማስቀመጡን ያህል ጊዜ ስልክ ደውዬ መጨረስ እችል ነበር። ዓይኑ ቢጫ ነው፣ ውስጡ ደመናው ይታያል። 1/1000፣ ክርኔ ጉልበቴ ላይ፣ አራት ፍሬ። አራቱም ጥርት ያሉ ናቸው ጋሼ! አድማሱም ቀጥ ያለ ነው።

ከዚያ የኦስፕሬዋ ባል ዓሣ ይዞ በላዬ አለፈ። ዓሣውን የያዘው ጭንቅላቱን ወደ ፊት አድርጎ ነው፤ አንድ እግር ፊት፣ አንድ እግር ኋላ፣ ልክ ዓሣው ራሱ የሚበር ይመስላል። አንዱ ብቻ ነው ጥርት ያለው፣ እሱም የክንፉ ጫፍ ተቆርጧል። ክፈፉን አታጥብቅ ተብዬ ነበር፣ ሲመጣ ረሳሁት።

የዛሬው ፎቶ ግን ይሄ ነው። ጎጆዋ ትንሽ ናት፣ ከፎቶው አሥር በመቶ አትሆንም። ጥቁሩ የመርከብ ቅሪት፣ ከሥሩ ጭጋግ፣ ላዩ ላይ የጭንቅላቷ ነጭ ነጥብ። ዓይኗን ጨፍናለች። ከቁብ አልቆጠረችኝም።


ሰላም ስቶክሆልም | ስዊድን | በዚያው ቀን

ይሄኛውን አትም። ትልቅ አድርገህ።


ጋሽ ሻተር | አዲስ አበባ | በማግስቱ

ደረቷ አልተቃጠለም። ጎሽ።


ባለካያኩ | ሜሪላንድ | በማግስቱ

የደንገል ልጅ፣ አንድ የሞኝ ጥያቄ። በመከር እነዚህ ኦስፕሬዎች ወደ ሙቅ አገር ይሄዳሉ። ምናልባት የእኔዋ ጣና መጥታ አይተሃት ታውቅ ይሆን? ብዬ ሳስብ አመሸሁ።


የደንገል ልጅ | ባሕር ዳር | በማግስቱ

ደስ ይል ነበር፣ ግን አይደለችም። ያንተ ሠፈር ኦስፕሬዎች ወደ ካሪቢያንና ደቡብ አሜሪካ ነው የሚወርዱት። ወደ እኛ የሚመጡት ከሰሜን አውሮፓና ከሩሲያ በኩል ነው። ምናልባት የሰላም ስቶክሆልም ጎረቤቶች ናቸው። በመስከረም አካባቢ መምጣት ይጀምራሉ፣ በመጋቢት አብዛኞቹ ይመለሳሉ።

አሁን ግን አንዲት አለች። ዓመት ያልሞላቸው ልጆች በመጀመሪያው ዓመት ወደ ሰሜን አይመለሱም፣ እዚሁ ይቀራሉ። ከደንገሉ ባሻገር አንድ የደረቀ ዛፍ ላይ ሦስት ቀን ተከታትዬ አየኋት። ዓሣ ለመያዝ ትወርዳለች፣ ትስታለች፣ ረጥባ ትመለሳለች። ግራ እግሯ ላይ ቀለበት አለ።


ሰላም ስቶክሆልም | ስዊድን | በማግስቱ

ቀለበት?! ቁጥሩን አንብበኸዋል? ከተነበበ የት እንደተፈለፈለች ማወቅ ይቻላል። ፎቶውን ሳታሳንስ ላክልኝ።


የደንገል ልጅ | ባሕር ዳር | በማግስቱ

የእኔ ሌንስ 70-300 ነው፣ አሮጌ። ቀለበቱ ይታያል፣ ቁጥሩ አይነበብም። ልቀርብ እችል ነበር፤ አንገቷን ስታስረዝም ታንኳውን አቆምኩ።

ዓርብ ነፋሱ ከምሥራቅ ከሆነ እንደገና እሄዳለሁ። ዳቦ አልይዝም።